ጓሳ የማን ነው?

መንዝ ብርድ አገር ነው። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ በርኖስና ባና የሚሠራበት አገር ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ ደግሞ ሌላ ሀብት ይገኛል። ይህ ሀብት የጓሳ ሜዳ ነው።

ጓሳ የሣር ስም ነው። ሜዳውም ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። ዝናብ የማያስገባ ገሳ ይሠራበታል። ታዲያ ስለምታውቁት ሣር ለምን እንጽፋለን?

ምክንያት አለን። በብዙ አገር የጋራ ግጦሽ አልቋል። አንዱ ያርሰዋል፣ ሌላው ያግጠዋል፣ ሦስተኛው ይቆፍረዋል። በመጨረሻ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። የጓሳ ሜዳ ግን እስከ ዛሬ አለ። ለምን ተረፈ? ማን ጠበቀው? ነገስ ይኖራል ወይ? ይህን ለማየት እኛ አስተማሪዎች ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ ቀን ወደ ጓሳ ሄድን። ከተማሪዎቻችን መካከል የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። እነርሱም በርኖሳቸውን ደርበው አብረውን ተጓዙ።

ሜዳው ምን ይመስላል?

የጓሳ ሜዳ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ከፍተኛ ከተማ ናት እንላለን። ጓሳ ግን ከአዲስ አበባ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ሌሊት ውርጭ አለ። ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ በጋሻ ሲሰላ ወደ 250 ጋሻ ገደማ ነው። ከዳር ቆመው ሲያዩት ዓይን አይጨርሰውም። ሣሩ በጉብታ በጉብታ ሆኖ ይበቅላል። ነፋስ ሲመታው እንደ ውኃ ይዋልላል። እዚህም እዚያም ጅብራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በገደሉ አፍ ደግሞ አስታ አለ።

በመግቢያው ላይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ተተክሏል። ከተማሪዎቻችን አንዱ ቆሙና ፊደሉን አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር። “ጓ... ሳ... የ... ማኅ... በ... ረ... ሰብ...” አሉ። በዚህ መንገድ ስንት ዓመት በጎቻቸውን ነድተው አልፈዋል! ሰሌዳው የሚናገረውን የሰሙት ግን የዚያን ቀን ነው። ሌሎቹም ከበው ቆሙ። እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

የአባቶች ሕግ

ጓሳን የጠበቀው አጥር አይደለም። ሕግ ነው። ይህ ሕግ ቄሮ ይባል ነበር። የተጀመረውም ከ400 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይነገራል።

የአካባቢው ሰው አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶችን ይጠራል። ጓሳን የያዙትና ያካፈሉት እነርሱ ናቸው ይባላል። ከእነርሱ የተወለደ ሁሉ በአጽመ ርስት ድርሻ ነበረው። ለአስቦ ወገን አንድ አለቃ፣ ለጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመረጥ ነበር። የአለቆቹ ሥራ ሜዳውን መዝጋት፣ ማስጠበቅና መክፈት ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሜዳው ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም፣ እንጨትም አይለቅምም። አንዳንድ ጊዜ 3 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። አቅም ያለው ሰው ሁሉ በተራው ጥበቃ ይወጣል። ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ አይተው የመክፈቻውን ቀን ይቆርጣሉ። ቀኑም በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቤት ይነገራል። የሚከፈተው በበጋ ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል። ከዚያ በኋላ ከብት ይገባል። ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል።

ሕጉን ያፈረሰስ? ቅጣቱ ከባድ ነበር። ሰው ሳያይ ሣር አጭዶ ቤቱን የከደነ ሰው፣ ያ ክዳን በእሳት ይቃጠልበት እንደነበር ሽማግሌዎች ያወሳሉ። ዛሬ ይህን ስንሰማ ያስደነግጠናል። ነገር ግን አንድ ነገር እንረዳለን። የዚያን ጊዜ ሰው የጋራ ነገር መስረቅን እንደ ትልቅ በደል ይቆጥረው ነበር።

ሕጉ መልካም ነገር እንዳለው ሁሉ ጉድለትም ነበረው። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ሣሩን በዓይኑ እያየ ያልፍ ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም።

ሕጉ ሲላላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ርስት ቀረ። አጽመ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። ምክንያቱም ቄሮ የቆመው በርስት ላይ ነበር።

አሁን ድርሻ ያልነበረው ሰው ድርሻ አገኘ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። “የሁሉም ነው” የተባለው ሜዳ ጠባቂ አጣ። አለቃው የለም። ተራ ጠባቂም የለም። ሰው በፈለገው ጊዜ ገብቶ ማጨድና ማገድ ጀመረ። ከዳር በኩል መታረስ የጀመረም ቦታ አለ። ሣሩ አጠረ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ።

ሽማግሌዎቹ ይህን አይተው ዝም አላሉም። መከሩ። “ያለ ሕግ ከቀጠልን ልጆቻችን ሣር የሚባል ነገር አያዩም” አሉ። በየቀበሌው ሰው መርጠው አዲስ የጥበቃ ጉባኤ አቋቋሙ። በጉባኤው ውስጥ የሃይማኖት አባት አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሴት አለች፣ ወጣት አለ። ድርሻው እንደ ድሮው በዘር አይደለም። በአካባቢው የሚኖር ሰው ሁሉ ድርሻ አለው። ጥበቃው ግን እንደ ድሮው ነው። ሜዳው ይዘጋል፣ ይጠበቃል፣ በቀኑ ይከፈታል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በደንብ አጸና። ስሙም የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። ጥብቅ ሥፍራ ማለት ያለ ፈቃድ የማይነካ ቦታ ማለት ነው።

ልብ በሉ። የአባቶች ሕግ በቃል ነበር። የዛሬው ሕግ ግን በጽሑፍ ነው። በቃል ያለ ሕግ ሽማግሌው ሲሞት ይረሳል። በጽሑፍ ያለ ሕግ አይረሳም። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል። አንባቢ ይፈልጋል።

የእማማ ጥያቄ

በሜዳው መካከል ከአንድ ጠባቂ ጋር ተገናኘን። ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስለ ሥራው አጫወተን። ያን ጊዜ ከተማሪዎቻችን አንዷ አሮጊት ተናገሩ።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእኔ ቤት ያፈስሳል። ባለፈው ክረምት ሌሊት እየተነሣሁ ቆሪ ስደቅን ነበር ያደርኩት። ሣሩ ይኸው ቆሟል። አንተ ደግሞ አትንኪ ትለኛለህ። ሣር ከሰው ይበልጣል እንዴ?”

ሁላችንም ዝም አልን። ጠባቂውም ቶሎ አልመለሰም። ከዚያ እንዲህ አለ።

“እማማ፣ እውነትዎን ነው። የእኔም እናት ቤት ያፈስሳል። ግን ዛሬ ለእርስዎ ብከፍት ነገ ለጎረቤትዎ እከፍታለሁ። ከነገ ወዲያ ለሁሉም ይሆናል። ያን ጊዜ ሣሩ በአንድ በጋ ያልቃል። ደግሞ ያልደረሰ ሣር አጭር ነው። በአጭር ሣር የተከደነ ቤት መልሶ ያፈስሳል። የደረሰ ሣር ግን ብዙ ክረምት ይችላል። የምናቆየው ለዚህ ነው።”

“እሱስ ልክ ነው” አሉ እማማ። “ግን ጉልበት ለሌለው ሰው፣ ለአሮጊትና ለድሃ፣ ቀድሞ ትንሽ ሸክም ቢፈቀድ ሜዳው ይጠፋል ወይ?”

“ይህን እኔ አልወስንም፣ እማማ። ለጉባኤው ያመልክቱ” አለ ጠባቂው።

እኛም ነገሩን አሰብንበት። የጠባቂው መልስ ትክክል ነው። የእማማም ጥያቄ ትክክል ነው። ሕግ ያስፈልጋል። ሕግ ግን ሰው የሚጠይቅበትና የሚያሻሽልበት መሆን አለበት። የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ጥሩ ሕግም ይደርቃል።

በማግሥቱ በትምህርት ሰዓት እማማ ማመልከቻቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ። እኛ ፊደል ሲጠፋባቸው ብቻ ነገርናቸው። ጽሑፉ ሰባት መስመር ነበር። በመጨረሻም ስማቸውን ጻፉ። አውራ ጣት ቀለም አልነከሩም። ማመልከቻው ለጉባኤው ተሰጥቷል። መልሱ ገና አልመጣም። እማማ ግን “መልሱ ሲመጣ እኔው ራሴ ነኝ የማነበው” ብለዋል።

ቀበሮውና ጭላዳው

ጓሳ የሣር ብቻ አይደለም። የአራዊትም ቤት ነው። በዚያ ቀን ብዙ ጭላዳ አየን። ጭላዳ በዓለም ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ያለው እንስሳ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ አለው። ሌሊት ገደል ውስጥ ያድራል። ጧት ወደ ሜዳ ወጥቶ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ሌሎች ዝንጀሮዎች ፍራፍሬና ሌላ ነገር ይበላሉ። የጭላዳ ዋና ምግብ ግን ሣር ነው።

ቀይ ቀበሮም በጓሳ ይገኛል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም። በአገራችንም ያለው በጥቂት ተራሮች ላይ ብቻ ነው። በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ አለ። ሁሉም ቢሰበሰብ ለአካለ መጠን የደረሰው 500 አይሞላም። ይህ ቁጥር በአንድ ትልቅ መንደር ካሉት በጎች ያነሰ ነው!

ብዙ ሰው ቀበሮ ሲባል በግ ሌባ ይመስለዋል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ግን አይጥ ነው። አይጥ ደግሞ የገብስ ጠላት ነው። እንግዲህ ቀይ ቀበሮ ደመወዝ ሳይጠይቅ አይጥ የሚያድን ጠባቂ ነው ማለት ነው።

በጓሳ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታይቷል። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል። እነርሱም አይሸሹም። እርሱም ልጆቻቸውን አይነካም። ተመራማሪዎች ይህን ተከታትለው በ2007 ዓ.ም. ጥናት አወጡ። ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ከ3 ሙከራ በ2ቱ አይጥ ይይዛል። ብቻውን ሲያድን ግን ከ4 ሙከራ በ1 ብቻ ይቀናዋል። ምናልባት ጭላዳዎቹ ሲንቀሳቀሱ አይጦቹ ከጉድጓድ ይወጣሉ። ምናልባትም በጭላዳው መካከል ያለውን ቀበሮ አይጡ አይለየውም። ያም ሆነ ይህ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ሲኖር ይጠቀማል።

ውኃውና ወፎቹ

ጓሳ ውኃም ይሰጣል። ሣሩና እርጥብ መሬቱ ዝናቡን እንደ ሰፍነግ ይመጣል። ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ በበጋም ምንጭ አይደርቅም። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በወንጪትና በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሣሩ ቢጠፋ ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይሮጣል። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ጥም ይሆናል።

ውኃና ሣር ባለበት ወፍ አይጠፋም። በጓሳ ከ100 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተዋል። ከነዚህ አንዱ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው ዝይ ነው። ይህ ዝይ የእኛ ደጋ ወፍ ነው። አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብር ትልቅ አሞራም አለ።

አንዳንዶቹ ወፎች ደግሞ እንግዶች ናቸው። በሰሜን አገር ብርድ ሲጸና ተነሥተው ወደ እኛ ይመጣሉ። በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የሚመጣ ንስር አለ። ፓስፖርት የለውም። ድንበር አያውቅም። የሚያውቀው የሚበላበትንና የሚያድርበትን ቦታ ብቻ ነው። ያ ቦታ ታርሶ ቢጠብቀው መሄጃ የለውም።

በአማራ ክልል ሌላም የእንግዳ ወፍ ማረፊያ አለ። እርሱም የጣና ሐይቅ ዳርቻ ነው። ክሬን የሚባሉ፣ ሽመላ የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች ከሰሜን በብዙ ሺህ ሆነው በበጋ እዚያ ያርፋሉ። ቀን አዝመራው ከተነሣበት ማሳ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። በውኃ ውስጥ የሚቆሙት አውሬ እንዳይደርስባቸው ነው። ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ጣናን ጥበቃ ከሚገባቸው የዓለም ቦታዎች ጋር መዝግቦታል።

በአሜሪካ አገርም ነብራስካ በሚባል ግዛት ፕላት የሚባል ወንዝ አለ። በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት ከ500,000 የሚበልጡ ክሬኖች በዚያ ያርፋሉ። ወንዙ ከላይ ስለ ተገደበና ለመስኖ ስለ ተወሰደ ውኃው ቀነሰ። አሸዋው ላይ ቁጥቋጦ በቀለ። ወፎቹ የሚያድሩበት ቦታ ጠበበ። ስለዚህ ሰዎች በወንዙ ዳር ጥብቅ ሥፍራ አበጁ። በየጊዜው ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ። ጎብኚም ሳይነጋ ጎጆ ውስጥ ገብቶ ድምፅ ሳያሰማ በቀዳዳ ያያል። እንግዲህ የመንዝ ገበሬ ብቻውን አይደለም። በሩቅ አገር ያለውም ሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄውም “እኛም እንኑር፣ እነርሱም ይኑሩ፤ እንዴት?” የሚል ነው።

ጓሳን የሚያሰጋው ምንድን ነው?

ጠባቂዎቹ የነገሩንን በአጭሩ እንጽፋለን።

1ኛ. እርሻ። ሰው ይበዛል፣ መሬት ግን አይበዛም። መሬት የሌለው ወጣት ወደ ሜዳው ያያል። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ከፍታ ላይ ውርጭ አለ። ሣሩ የተነሣበት አፈርም በዝናብ ይታጠባል። ጥቂት ዓመት ታርሶ ሜዳውም እርሻውም ይጠፋል። ለወጣቱ ሌላ ሥራ መፈለግ አለበት። ጎብኚ ሲመጣ በቅሎ ማከራየት፣ መንገድ መምራት፣ ባናና ገመድ መሸጥ አንዱ መንገድ ነው።

2ኛ. እሳት። በበጋ ሣሩ ደረቅ ነው። አንድ የተጣለ ፍም ብዙ ጋሻ ይበላል።

3ኛ. ውሻ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ብዙ ቀበሮ በዚህ በሽታ አልቋል። በሽታው ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻችሁን አስከትቡ። ወደ ሜዳ ስትሄዱ ውሻ አታስከትሉ። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና ሳሙና ይጠብ። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እንግዲህ ጓሳ የማን ነው?

አንድ ተማሪያችን “የአስቦና የጌራ ነው” አሉ። ሌላው “የመንግሥት ነው” አሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ “የጠበቀው ነው” አሉ። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። እኛ እንደሚመስለን ሦስተኛዋ ወደ እውነቱ ቀርበዋል። የዘር ርስት ሆኖ ሳለ የተጠበቀው ሰው በተራ ስለ ወጣ ነው። “የሁሉም” ሲባል የተጎዳው ተራ የሚወጣ ሰው ስለ ጠፋ ነው። ዛሬ ያለውም ሰው ደጋግሞ ተራ ስለሚወጣ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ለማያነብ ጎረቤታችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያም በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በቄሮ ጊዜ ሜዳው ለስንት ዓመት ይዘጋ ነበር? ለምን?
2. ቀይ ቀበሮ ለገበሬ ምን ይጠቅማል?
3. የእማማን ማመልከቻ ብትሰሙ እናንተ ምን ትወስኑ ነበር? መልሳችሁን በሦስት መስመር ጻፉ።
4. በቀበሌያችሁ የጋራ የሆነ ምን አለ? ምንጭ ነው? ግጦሽ ነው? ደን ነው? ተራ የሚጠብቀው ማን ነው?